ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን የሚላመዱትና መላመዱን የሚያዛምቱት እንዴት ነው?

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ወይም በተለምዶ አጠራር አንቲባዮቲኮች፣ በባክቴሪያ ምክንያት የሚመጡ ሕመሞችን ለማከም የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍትሪያክሶን በጤና ተቋማትና በመድኃኒት ቤቶች በብዛት ከሚገኙት መካከል ይጠቀሳሉ። በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንዲሁም ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የማሕፀን ኢንፌክሽን የሚታከሙት በእነዚሁ መድኃኒቶች ነው። ቀዶ ሕክምናም ሆነ የካንሰር ሕክምና ያለ እነርሱ እጅግ አስጊ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ቀድሞ በቀላሉ ይድኑ የነበሩ ኢንፌክሽኖች በተለመዱት መድኃኒቶች አልድን እያሉ መጥተዋል። ይህ ሁኔታ የመድኃኒት መላመድ ይባላል። የ204 አገሮችንና ግዛቶችን መረጃ ያጠናቀረና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ገምቷል። ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ሲታይ ጉዳቱ እጅግ የከፋው ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ክፍል ነው።

«መላመድ» የሚለው ቃል ግን ብዙዎችን ያሳስታል። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» የሚል አነጋገር በጤና ተቋማት ዘወትር ይሰማል። የሰው ሰውነት አንቲባዮቲክን አይላመድም፤ የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱም የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የሚላመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ መድኃኒቱን አለአግባብ በወሰደው ሰው ላይ ተወስኖ ይቀር ነበር። ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህም አንቲባዮቲክ ወስዶ የማያውቅ ጨቅላ ሕፃን እንኳ ገና ከጅምሩ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል።

ለውጡ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ በፊት ነው

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ምግብና ሙቀት ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ አንድ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ባክቴሪያው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት የዘር መረጃውን የያዘውን ዲ.ኤን.ኤ. ይገለብጣል። ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዳንድ ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ በዚህ ግልበጣም አልፎ አልፎ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ለባክቴሪያው ምንም የማይፈይድ ወይም የሚጎዳው ነው። ከቢሊዮኖቹ መካከል ግን ጥቂቶቹ በአጋጣሚ አንድ የተወሰነ መድኃኒት የማይገድላቸው ሆነው ይገኛሉ።

ይህ ለውጥ መድኃኒቱ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚኖር መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1952 ጆሹዋ እና አስቴር ሌደርበርግ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ በሳሕን ላይ ያደጉ ባክቴሪያዎችን በከፋይ ጨርቅ እንደ ማኅተም አንሥተው፣ አቀማመጣቸው ሳይለወጥ መድኃኒት ወዳለበት ሌላ ሳሕን አሸጋገሩ። በሁለተኛው ሳሕን ላይ ባክቴሪያዎቹ የተረፉበትን ቦታ ለይተው ወደ መጀመሪያው ሳሕን ሲመለሱ፣ በዚያው ቦታ የነበሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱ ፈጽሞ ሳይነካቸው ቀድሞውኑ የሚቋቋሙት ነበሩ።

እንግዲህ የመድኃኒቱ ድርሻ መምረጥ ነው። አንቲባዮቲክ ወደ ሰውነት ሲገባ በመድኃኒቱ የሚሞቱት ባክቴሪያዎች ይጠፋሉ፤ የሚቋቋሙት ይቀራሉ። ከዚህ በፊት ምግብና ቦታ ይሻሟቸው የነበሩት ስለጠፉ የተረፉት እንደልባቸው ይራባሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አንቲባዮቲክ በሽታ አምጪውን ብቻ ለይቶ አለመግደሉ ነው። በአንጀት፣ በቆዳና በጉሮሮ የሚኖሩትን፣ ጉዳት የማያደርሱትንና የሚጠቅሙትን ባክቴሪያዎችም አብሮ ይጨርሳል። ስንዴው ተነቅሎ እንክርዳዱ የቀረበት ማሳ ምን ሊያበቅል እንደሚችል ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሰው ለጉንፋን ብሎ ያለ አስፈላጊነት አሞክሳሲሊን ቢወስድ፣ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ያልፋል፤ በአንጀቱ ውስጥ የተመረጡት ባክቴሪያዎች ግን ለወራት አብረውት ሊቆዩ ይችላሉ።

ባክቴሪያዎች መድኃኒትን የሚቋቋሙባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ፔኒሲሊንን የሚያጠፋው ኢንዛይም በሳይንስ መጽሔት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1940 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ራሱ ገና ለሕዝብ አልተዳረሰም ነበር። ሌሎቹ ወደ ውስጥ የገባውን መድኃኒት እንደ ፓምፕ መልሰው ወደ ውጭ ይተፋሉ፤ ወይም መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠብባሉ። ሌሎች ደግሞ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን የአካላቸውን ክፍል ቅርጽ ስለሚለውጡ፣ ቁልፉ የተቀየረ በርን በአሮጌ ቁልፍ ለመክፈት እንደ መሞከር ይሆናል። አንድ ባክቴሪያ ከእነዚህ መንገዶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድነት ሊይዝ ይችላል።

የመላመድ ጠባይ በሰው እጅ የተፈጠረ አዲስ ነገርም አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክ የሆኑ ንጥረ ነገሮችን ራሳቸው ያመርታሉ፤ ጎረቤቶቻቸውም የመከላከያ ዘዴ አላቸው። በካናዳ ዩኮን ግዛት ለ30,000 ዓመታት ያህል በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር የመላመድ ዘረ መሎች ተገኝተዋል። አዲሱ ነገር ሰው በ80 ዓመታት ውስጥ በሕክምናና በእርባታ የተጠቀመው የመድኃኒት ብዛት ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያሳየው

መላመድ በታካሚው አካል ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየው የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ የታተመ የሕክምና ጥናት ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን አዲስ መድኃኒት ፈትሾ ነበር። መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 55 ሕሙማን መካከል በ6 ወር ውስጥ የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ሕሙማን 14ቱ ሞተዋል። ውጤቱ ታላቅ ተስፋ ነበር። ሆኖም ወራት ሲቆጠሩ በብዙዎቹ ታካሚዎች አክታ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን የማይገድለው ባክቴሪያ ተገኘ፤ ተሽሏቸው የነበሩ ሰዎች ዳግም ታመሙ። በ5 ዓመት ውስጥ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት በእጅጉ ጠበበ።

መፍትሔው የተገኘው መድኃኒቶችን በማጣመር ሲሆን፣ ምክንያቱን በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት በተፈጥሮ የሚቋቋመው ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንዱ ገደማ ነው። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ደግሞ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ገደማ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ መቶ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ባክቴሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ አንዱን መድኃኒት ብቻ መስጠት የሚተርፍ ባክቴሪያ መኖሩ አይቀሬ እንዲሆን ያደርጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል ግን ከመቶ ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። የቲቢ ታካሚ በርከት ያሉ መድኃኒቶችን በአንድነት፣ ለወራትም ሳያቋርጥ እንዲወስድ የሚጠየቀው ስለዚህ ነው። ከመካከላቸው «ይህኛው ሆዴን ያመኛል» ብሎ አንዱን ነጥሎ መተው፣ የቀረው መድኃኒት ብቻውን እንዲዋጋ መተው ማለት ነው። መድኃኒቱ የማይስማማው ታካሚ ወደ ተቋሙ ተመልሶ ቢናገር የሚለወጥበት ወይም የሚስተካከልበት መንገድ አለ።

በኢትዮጵያ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የአክታ ምርመራ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ይለያል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞችና ክልሎች ተስፋፍቷል። ሕክምናው ቀደም ሲል ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅና ለረጅም ወራት መርፌ መወጋትን ይጠይቅ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚመለከታቸው ታካሚዎች በአፍ የሚወሰድ የ6 ወር ሕክምናን ይመክራል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ማንኛውም ሰው፣ በተለይም ቀደም ሲል የቲቢ ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠ ወይም መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ ታማሚ ጋር አብሮ የሚኖር፣ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መመርመር ይኖርበታል።

ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው

እስካሁን የተገለጸው መላመድ ከእናት ባክቴሪያ ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። ሌላው መንገድ ፈጣንና ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ከዋናው ዲ.ኤን.ኤ. የተለየች፣ ቀለበት የመሰለች ትንሽ የዘር ቁራጭ ይይዛሉ፤ ይህችም ፕላስሚድ ትባላለች። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ አንዱ የፕላስሚዱን ግልባጭ በቀጭን ድልድይ በኩል ለሌላው ያቀብላል። ተቀባዩ የአቀባዩ ዘር መሆን አይጠበቅበትም፤ ከሌላ ዝርያም ሊሆን ይችላል። በአንድ ፕላስሚድ ላይ የአምስትና የስድስት መድኃኒቶች መቋቋሚያ አብሮ ሊጫን ስለሚችል፣ በአንድ መድኃኒት የተመረጠ ባክቴሪያ ታካሚው ወስዷቸው የማያውቃቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም የሚቋቋም ሆኖ ይገኛል።

ይህ የተደረሰበት በጃፓን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዚያ አገር ሺጌላ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በአራት የተለያዩ መድኃኒቶች የማይድን ሆነ። ሐኪሞቹን ግራ ያጋባቸው፣ አራቱም መላመዶች በየተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች መላመዱ በአንጀት ውስጥ ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ በቀጥታ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ጉዳት የማያደርሰው የአንጀት ባክቴሪያ ለበሽታ አምጪው የመላመድ ጎተራ ሆኖ ማገልገሉ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ኮሊስቲን የተባለው መድኃኒት ታሪክ የእንስሳት እርባታን ድርሻ ያሳያል። ኮሊስቲን በኩላሊት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በሰው ሕክምና ለረጅም ጊዜ ገሸሽ ተደርጎ፣ በኋላ ሌሎች መድኃኒቶች እምቢ ላሏቸው ኢንፌክሽኖች የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ተመልሷል። በቻይና ግን አሳማዎችን ቶሎ ለማሳደግ ከመኖ ጋር ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ኮሊስቲንን የሚቋቋም፣ በፕላስሚድ የሚተላለፍ ዘረ መል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሰዎች ላይ መገኘቱ ይፋ ሆነ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለማድለቢያነት መዋሉን ከከለከለች በኋላ ዘረ መሉ በአሳማዎችም ሆነ በሰዎች ላይ በግልጽ ቀንሷል። የመድኃኒቱ ጫና ሲቀንስ መላመዱም የሚቀንስበት ሁኔታ እንዳለ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በሁሉም መድኃኒት ላይ እንዲህ ፈጥኖ ይታያል ማለት ግን አይቻልም።

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው የሚደርሱባቸው መንገዶች ከሌሎቹ ባክቴሪያዎች የተለዩ አይደሉም። ያልታጠበ እጅ፣ በዓይነ ምድር የተበከለ ውኃ፣ በሚገባ ያልበሰለ ምግብና ያልፈላ ወተት ዋናዎቹ ናቸው። በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ከአንዱ ታካሚ አልጋ ወደ ሌላው በአስታማሚና በባለሙያ እጅ ይሻገራሉ። ስለዚህ የጠያቂዎችን ቁጥር የሚወስኑ የሆስፒታል ደንቦች፣ ምንም እንኳ ለቤተሰብ ቅር ቢያሰኙ፣ ታማሚውን ለመጠበቅ የወጡ ናቸው። ክትባትም እዚህ ላይ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ለሕፃናት የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ከፍተኛ የሳንባ ምች መንስኤ የሆነውን ባክቴሪያ ይከላከላል፤ ያልታመመ ሕፃን አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም።

መድኃኒቱ ሳያስፈልግ የሚወሰድባቸው ሁኔታዎች

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጡት በቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። የሕፃናት ተቅማጥም በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ሕይወት የሚያድነው በቅድሚያ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማለትም ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ነው፤ ተቅማጡ ደም ካለበት ግን ሕፃኑን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ቶሎ ለመዳን በሚል ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም በብዙ አካባቢዎች የተለመደ ነው። ዱቄቱ በቁስሉ ላይ በትክክለኛ መጠን አይሰራጭም፤ በቆዳ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ለመላመድ ያጋልጣል። ቁስልን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ የተሻለ ነው።

ታይፎይድን በተመለከተ ለብቻው መናገር ተገቢ ይሆናል። ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት ሰው በአንድ የደም ምርመራ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መድኃኒት የሚወስድበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ዊዳል የተባለው ይህ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን መከላከያ እንጂ ባክቴሪያውን ራሱን አይደለም። ቀድሞ የተያዘ ወይም የተከተበ ሰው፣ አልፎ አልፎም በሌላ በሽታ የታመመ ሰው ምርመራው አዎንታዊ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የዊዳል ውጤት ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ አስተማማኙ የደም ካልቸር ነው። ትኩሳቱ የወባ ሊሆን ስለሚችልም የወባ ምርመራ መደረጉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተረፈ መድኃኒትን ለጎረቤት መስጠት፣ ያለ ማዘዣ «ሁለት ፍሬ» ገዝቶ መዋጥ፣ እንዲሁም ለከብት የተገዛን ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር መስጠትም ከዚሁ ይመደባሉ። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት፣ ባለሙያው የወሰነው የማቆያ ቀን ሳይጠናቀቅ ለምግብ መዋል የለበትም።

በጤና ተቋም ተገልጋዩ የሚያደርገው

አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ያለ ማዘዣ አልሸጥም ሲል ሕግን እያከበረ መሆኑን መረዳት ይገባል። ማዘዣ የያዘ ሰው መድኃኒቱን ሲረከብ ስሙን፣ በቀን ስንት ጊዜና በየስንት ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን የመጠየቅ መብት አለው። የሕክምናው ርዝመት እንደ ሕመሙ ይለያያል። ለአንዳንድ ኢንፌክሽኖች 3 ወይም 5 ቀን በቂ ነው፤ ለቲቢ ወራት ያስፈልጋል። የቀኑን ቁጥር የሚወስነው ያዘዘው ባለሙያ ሲሆን፣ ታካሚው ሕመሙ ቀለል ስላለው ብቻ በራሱ ማቋረጥ፣ ወይም ለጥንቃቄ ብሎ ከታዘዘው በላይ መቀጠል የለበትም።

የታዘዘው መድኃኒት በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላመጣ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመግዛት ይልቅ ወደ ተቋሙ መመለስ ያስፈልጋል። የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት ወይም መናገር እስኪያቅት መድከም፣ የጨቅላ ሕፃን ጡት አለመጥባት ከታየ ግን መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ባለሙያው መላመድን ከጠረጠረ ከሽንት፣ ከደም፣ ከአክታ ወይም ከቁስል ናሙና ወስዶ ካልቸር ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል። በላቦራቶሪው ባክቴሪያው እንዲያድግ ይደረግና የተለያዩ መድኃኒቶች ይሞከሩበታል፤ የትኛው እንደሚገድለውና የትኛው እንደማይገድለው በአብዛኛው በ2 ወይም በ3 ቀን ይታወቃል። ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ታካሚው ከቤቱ ሁለትም ቢሆን እንክብል ወስዶ ከመጣ ባክቴሪያው በምርመራው ላይታይ ስለሚችል፣ ምን እንደወሰደና መቼ እንደወሰደ ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ የመድኃኒቱን ባዶ ማሸጊያ ይዞ መምጣትም ይረዳል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ የጀመረውን መድኃኒት ወደ ሌላ፣ ብዙ ጊዜም ወደ ርካሽና ወደ ቀድሞ የታወቀ ዓይነት ሊለውጠው ይችላል። ይህ ሕክምናው ዝቅ መደረጉን አያመለክትም፤ የሕመሙ መንስኤ በውል ስለታወቀ፣ ያንን ባክቴሪያ የሚገድለው መድኃኒት ተለይቷል ማለት ነው።